የእግር መንገድ ዋጋ

ማናቸውም ሥራ ካልተቈጠረና ካልተመዘነ ጥቅሙ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም። በመኪና መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪናና የሚጫነው ዕቃ ይቈጠራል፤ እናት ልጇን ይዛ የምትንሸራሸርበት፥ ሽማግሌም ነፋስ የሚቀበልበት የእግር መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ሳይቈጠር ይቀራል። ያልተቈጠረም ነገር ገንዘብ በሚመደብበት ቀን የሚናገርለት አያገኝም።

በአሜሪካ አገር ከኩምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ፥ ቀድሞ ባቡር ይመላለስበት የነበረ መስመር አለ። ይህ መስመር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ሥራው ተፈጸመ። እንዲህ ባሉ መንገዶች ዳር የሚተከለው መሣሪያ የሰውነትን ሙቀት እየለየ አላፊ አግዳሚውን ይቈጥራል። ነገር ግን ሄዶ የተመለሰውን አንድ ሰው ሁለት አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ መንገደኛው ከወዴት እንደ መጣ፥ የት እንዳደረ፥ ለምግብና ለማደሪያም ምን ያህል እንዳወጣ በቃል ይጠየቃል። የዚህ መንገድ ጥቅም ተመርምሮ፥ በ2019 ለአካባቢው ያስገኘው ሀብት ከ121 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገመተ።

የዓለም የጤና ድርጅትም የሚሄዱትን ሰዎች ብዛትና የሚሄዱበትን ጊዜ መነሻ አድርጎ፥ ከሞት የሚተርፈውን ሕይወት በገንዘብ የሚተምን የሂሳብ ዘዴ አዘጋጅቷል።

እኛ ይህን ሂሳብ የምናመሰግነው፥ ልጅ ከአባቱ ጋር ሲሄድ የሚያገኘው ደስታ በገንዘብ ይለካል ብለን አይደለም። ነገር ግን መንገዱ እንዳይፈርስና እንዳይታጠር የሚከራከርለት ሰው፥ በእጁ ቍጥር ሲይዝ ቃሉ ይሰማለታልና ነው።