በአሜሪካ ገጠር ለሚያርሱ ምእመናን፤ የመሬት ጥበቃ እርዳታ አጠያየቅ

በአሜሪካ ገጠር መሬት ይዞ፥ ለፋሲካ በግ ያርባም ጎመን ይትከል፥ አባወራው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ መንግሥት የሚሰጠውን ገንዘብ የሚሻ ሰው ውሉ ሳይፈረም ሥራውን ከጀመረ፥ አብዛኛውን ጊዜ እርዳታው ይቀርበታል። ትጉህ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

የጥበቃው መሥሪያ ቤት በሕግ የቆመው በ1935 እ.ኤ.አ.፥ ነፋስ የሜዳውን አፈር ጠርጎ በሚወስድባቸው ዓመታት ነበር። ዛሬም በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ይሠራል። ስለዚህ መሬቱ ያለበትን አውራጃ (ካውንቲ) የሚያገለግለውን የሚኒስቴሩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። አመልካቹ የመታወቂያ ወረቀቱን፥ የግብር ቁጥሩንና የመሬቱን የባለቤትነት ሰነድ ወይም የኪራይ ውል ይዞ ሲቀርብ የእርሻ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያም ባለሙያው እስከ ማሳው ወርዶ፥ ጎርፍ የሚሸረሽረውን ቁልቁለትና ከብት የሚረግጠውን የወንዝ ዳር ተመልክቶ፥ ያለ ዋጋ ዕቅድ ያወጣለታል።

ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራው ተፈጽሞ ከታየ በኋላ ነው። ነገር ግን ማረስ ከጀመረ ከ10 ዓመት ያልበለጠው ሰው ከፍ ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ለዕቃ መግዣም እኩሌታውን አስቀድሞ ለመቀበል ሊያመለክት ይችላል። ይህን ሳያፍሩ በግልጽ መጠየቅ ነው። ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ፤ የተቆረጠው ቀን ያለፈበት ግን ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል።