የመርከቧ ክብደት የት ገባ?

በሕንድ ጉጃራት ክፍለ ግዛት፣ በካምባት ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የሚገኘው አላንግ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ዕድሜያቸውን የጨረሱ መርከቦች የሚፈርሱበት፣ በዓለም ላይ ካሉት መሰል ሥፍራዎች ሁሉ በስፋቱ ከቀዳሚዎቹ የሚሰለፍ የባሕር ጠረፍ ነው። ቦታው ለዚህ ሥራ የተመረጠው በተፈጥሮ አቀማመጡ ነው፤ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 10 ሜትር ገደማ ስለሚደርስና ዳርቻው ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ፣ ብዙ ሺህ ቶን የምትመዝን መርከብ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ወይም በምትወለድበት ሰሞን በሚመጣው ከፍተኛ ሙላት በራሷ ሞተር ኃይል ወደ የብስ ትነዳለች፤ ውሃው ሲሸሽም ጭቃው ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። መርከብን እንዲህ በባሕር ዳርቻ አሳርፎ የማፍረስ ዘዴ ወጪው አነስተኛ በመሆኑ በባንግላዴሽ ሲታኩንዳና በፓኪስታን ጋዳኒም የተለመደ ሲሆን፣ ለአካባቢ ተቆጣጣሪው ግን ከባድ ፈተና ያስከትላል፤ የሥራው ሥፍራ በከፊል ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚያጥበው ጭቃ ስለሆነ፣ ትናንት የፈሰሰውን ዘይት ወይም የረገፈውን ቀለም ዛሬ በዓይን ማግኘት አይቻልም።

በዚህ ምክንያት ተቆጣጣሪው በሚጎበኝበት ዕለት በማፍረሻው ግቢ ውስጥ የሚታየው ነገር የምርመራው ትንሹ ክፍል ነው። መርከብ ስትፈርስ ምንም ነገር አይጠፋም፤ ከክብደቷ አብዛኛው ብረት ስለሆነ ወደ ብረት ፋብሪካ ሄዶ ለግንባታ የሚውል ፌሮ ይሆናል፣ ሞተሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ አልጋውና በሩ ወደ ገበያ ይወጣል፣ አደገኛው ክፍል ደግሞ ወይ በወጉ ተሰብስቦ ወደ መቅበሪያ ይሄዳል፣ ወይ ወደ አየሩ፣ ወደ ጭቃውና ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባል። የአካባቢ ቁጥጥር ፍሬ ነገር ይህን የክብደት ሒሳብ ማወራረድ ነው፤ መርከቧ ይዛው የመጣችውን፣ ግቢው አወጣሁ ያለውንና መቅበሪያው ተቀበልኩ ያለውን ሦስት አኃዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማያመሳክር ባለሙያ፣ ግቢው የቱንም ያህል ተጠርጎ ቢያገኘው፣ ስለ ብክለቱ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው መርከቧ ገና ባሕር ላይ መልሕቅ ጥላ ሳለች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሆንግ ኮንግ የጸደቀውና ጁን 26 ቀን 2025 በሥራ ላይ የዋለው፣ መርከቦች የሰውን ደኅንነትና አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እንዲፈርሱ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ወደ ማፍረሻ የምትሄድ መርከብ የአደገኛ ቁሶች ዝርዝር መዝገብ ይዛ እንድትቀርብ ያስገድዳል። መዝገቡ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው በመርከቧ አካልና መሣሪያዎች ውስጥ ያሉትን አደገኛ ቁሶች፣ ሁለተኛው በጉዞ ወቅት የተጠራቀሙትን ፍሳሾችና ቆሻሻዎች፣ ሦስተኛው በመጋዘኖቿ የቀሩትን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ተቆጣጣሪው መዝገቡን የሚያነበው ከመርከቧ የትውልድ ዘመን ጋር እያስተያየ ነው። የባሕር ላይ ደኅንነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ሕግ አስቤስቶስን በመርከብ ላይ አዲስ መግጠምን በጥብቅ የገደበው ከጁላይ 2002 ጀምሮ፣ ያለ ምንም ልዩ ፈቃድ የከለከለውም ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ ስለሆነ፣ በ1970ዎቹ ወይም በ1980ዎቹ የተሠራች መርከብ መዝገቧ ላይ በአስቤስቶስ ረድፍ «የለም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ጽሑፉ መታየት ያለበት የንጽሕና ማስረጃ ሆኖ ሳይሆን ገና ያልተመረመረ ነገር ስለመኖሩ እንደ ምልክት ሆኖ ነው። አስቤስቶስ እሳትን የሚቋቋም፣ ወደ ደቃቅ ክሮች የሚሰነጠቅ ማዕድን ሲሆን፣ በቦይለሩና በእንፋሎት ቧንቧው ልባስ፣ በመኝታ ክፍሎች ግድግዳና በእሳት መከላከያ በሮች ውስጥ ይገኛል፤ ይበልጥ የሚዘነጋው ግን በቧንቧ መጋጠሚያዎች መካከል በሚገባው ጓርኒሲዮን ውስጥ ያለው ነው፤ ከመዳፍ የማይሰፋ ቀለበት ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ በአንድ የሞተር ክፍል ውስጥ ግን ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው።

የመዝገብ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ክሌማንሶ የተባለችው የፈረንሳይ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ታሪክ ያስረዳል። መርከቧ ወደ አላንግ ጉዞ ከጀመረች በኋላ በውስጧ የቀረው አስቤስቶስ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ መግባባት ባለመቻሉ ጉዳዩ በፈረንሳይና በሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ፊት ቀርቦ፣ በፌብሩዋሪ 2006 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ወደ ፈረንሳይ እንድትመለስ አዘዙ፤ የፈረሰችውም ከዓመታት በኋላ በእንግሊዝ ሃርትልፑል ነበር። የክርክሩ እምብርት ያው የክብደት ጥያቄ ነበር፤ ቁጥሩ ከመነሻው በታመነ ናሙና ተረጋግጦ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሁሉ የባሕር መንገድ ያለ ፋይዳ ደርሶ መልስ ማድረግ ባላስፈለገ ነበር።

መዝገቡ ከተመረመረ በኋላ የሚቀጥለው ጉዳይ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። በአላንግ መርከቧ ጭቃው ላይ ካረፈች በኋላም ቢሆን የክፍለ ግዛቱ የባሕር ቦርድ፣ የብክለት ቁጥጥር ቦርድና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው አይተው የቆረጣ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ የጋዝ መቁረጫ መለኮስ ክልክል ነው። ይህ የጥበቃ ጊዜ ለግቢው ባለቤት ኪሳራ መስሎ ስለሚታይ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ መርከቧን የገዛበት ብድር ወለድ ይቆጥርበታል፣ የብረት ዋጋም ይዋዥቃል። ይሁንና አብዛኛው አደጋ የሚወሰነው በእነዚህ ቀናት ነው። የነዳጅ ጋን ባዶ ነው ቢባልም በግርጌው የተጋገረው አተላ ሙቀት ሲያገኝ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል፤ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጋን ደግሞ ምንም መርዝ ባይኖርበት እንኳ የግድግዳው ዝገት ራሱ ኦክስጅኑን ስለሚበላው የገባውን ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይጥላል። የጋዝ ልኬት የምስክር ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ልኬቱ የተወሰደው ከጋኑ አናት ብቻ ሳይሆን ከመካከሉና ከግርጌው ጭምር ከሆነ፣ እንዲሁም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየዕለቱ ከታደሰ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2016 በጋዳኒ አንዲት የነዳጅ መርከብ በመፈንዳቷ ከ20 በላይ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ነዳጅና ጋዝ ሳይጸዳ በተጀመረ ቆረጣ የሚመጣ ጥፋት ይህን ያህል ነው። በዚህ ሥፍራ የአካባቢ ጥበቃና የሠራተኛ ደኅንነት ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ተደርገው ሊቆጠሩ አይገባም፤ ያልጸዳው አተላ ሰውየውንም ባሕሩንም በአንድ ጊዜ ይጎዳልና።

ቆረጣው ከተጀመረ በኋላ ተቆጣጣሪው ትኩረቱን ወደ ቀለሙ ያዞራል። በአሮጌ መርከብ ቀፎ ላይ በየዘመኑ የተደራረበው ቀለም እርሳስና ክሮሚየም ሊይዝ ስለሚችል፣ ጥሩ አሠራር ያለው ግቢ የመቁረጫው ነበልባል በሚያልፍበት መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ቀለም አስቀድሞ ይፍቃል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ባለሙያ ይህ መደረጉን ወዲያው ይለያል፣ ተፍቆ ከሆነ ከጠርዙ አጠገብ ራቁት የብረት መስመር ይታያል፣ ካልተፋቀ ግን ቀለሙ አረፋ ሠርቶና ጠቁሮ ይገኛል። ከውሃ በታች ያለው የቀፎ ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዛጎል ያላቸው የባሕር እንስሳት እንዳይጣበቁበት ለብዙ ዓመታት ይቀባ የነበረው ቀለም ትሪቡቲልቲን የሚባል የቆርቆሮ ውህድ ይይዝ ነበር፤ ይህ ውህድ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በጥቂት ናኖግራም መጠን ብቻ ሲገኝ፣ ማለትም የግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት እጅ ሲሆን፣ በሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ አካል እንዲበቅል በማድረግ መራባታቸውን ያቋርጣል። ይህን ቀለም የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ ቢውልም፣ አሮጌውን ቀለም ሳያነሱ በላዩ ሌላ ልባስ መቀባት የተፈቀደ ስለነበር፣ ከላይ ንጹሕ በሚመስል ቀፎ ሥር መርዙ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ቀፎው በጭቃው ላይ ሲጎተትና ሲቆረጥም ይገለጣል።

ወደ ጭቃው የገባውን መርዝ ለመለካት የሚደረገው የደለል ናሙና ማንሳት ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ምርመራ የሚበላሽበት ሥራ ነው። እንደ እርሳስ፣ መዳብና ዚንክ ያሉ ብረቶች የሚጣበቁት በደቃቁ ጭቃ ላይ ስለሆነ፣ ከግቢው ፊት ሻካራ አሸዋ፣ ከማነጻጸሪያው ቦታ ደግሞ ደቃቅ ጭቃ የወሰደ ሰው የተበከለውን ንጹሕ፣ ንጹሑን የተበከለ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ሁለቱ ናሙናዎች የቅንጣታቸው ደቃቅነት ተመሳሳይ የሆነ፣ ከአንድ ዓይነት ጥልቀት የተወሰዱና በአንድ ዓይነት የባሕር ጉድለት ሰዓት የተነሡ መሆን አለባቸው። የካምባት ባሕረ ሰላጤ ውሃ ብርቱ ሞገድ ያለውና ደለል የበዛበት በመሆኑ፣ ከግቢው ፊት ዝቅተኛ ውጤት መገኘቱ ብክለት አለመኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ባሕሩ ወስዶት ሊሆንም ይችላል። በላቦራቶሪ ውጤቱ ላይ ብቻ የተደገፈ ሪፖርት ደካማ የሚሆነውና ተቆጣጣሪው ወደ ክብደቱ ሒሳብ መመለስ ያለበትም በዚህ የተነሣ ነው።

ሒሳቡ የሚዘጋው ከግቢው በር ውጭ ነው። የተነሣው አስቤስቶስ ረጥቦ፣ በድርብ ከረጢት ታሽጎና ምልክት ተለጥፎበት ፈቃድ ወዳለው መቅበሪያ መሄድ አለበት፤ የጫነው መኪና ሰነድና የመቅበሪያው የመቀበያ ደረሰኝም መመሳከር ይኖርባቸዋል። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ባለሙያ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ አስቤስቶስ ሲረጥብና ከተጣበቀበት ማገጃ ጋር አብሮ ሲነሣ ክብደቱ ስለሚጨምር፣ የመቅበሪያው ደረሰኝ ከመርከቧ መዝገብ ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው፣ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ልዩነቱ የት እንደገባ በጽሑፍ ማብራሪያ ሊጠየቅበት ይገባል። ወደ አላንግ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የመርከብ በር፣ ሶፋ፣ የወጥ ቤት ዕቃና የግድግዳ ሰሌዳ የሚሸጥባቸው ሱቆች ተደርድረዋል፤ አብዛኛው ንግድ ጠቃሚና ብክነትን የሚቀንስ ቢሆንም፣ አስቤስቶስ ያለበት ሰሌዳ በዚያው መንገድ ወደ ሰው ቤት ሊገባ ስለሚችል ሱቆቹም ከምርመራው ክልል መውጣት የለባቸውም። በኤሌክትሪክ ኬብሎችም እንደዚሁ ነው፤ የአሮጌ ኬብል ልባስ ፖሊክሎሪኔትድ ባይፌኒል የተባሉ፣ በቀላሉ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎች ሊኖሩበት ስለሚችሉ፣ መዳቡን ለማውጣት በሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባለውን እጅግ ብርቱ መርዝ ይፈጥራል። ኬብሉ በማሽን ተልጦ ከሆነ የልባሱ ክምር ይገኛል፤ መዳቡ ተሽጦ ልባሱ ከሌለ ግን መልሱ ጢስ ነው።

ከሰነድና ከናሙና የማይተናነስ የእውቀት ምንጭ ሠራተኛው ነው። በአላንግ የሚሠሩት በርካታ ሰዎች ከኡታር ፕራዴሽ፣ ከቢሃር፣ ከጃርክሃንድና ከኦዲሻ የመጡ ስለሆኑ፣ በጉጃራትኛ ብቻ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ለብዙዎቹ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ተቆጣጣሪው ከአለቃ ፊት አርቆ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ሊጠይቃቸው የሚገባው ቀላል ነገር ነው፤ የአፍ መሸፈኛው ማጣሪያ መቼ ተቀየረ፣ የሥራ ልብስ የት ይታጠባል፣ ምሳ የት ይበላል። ልብሱ መኖሪያ ቤት የሚታጠብ ከሆነ የአስቤስቶሱ ክር ወደ ሠራተኛው ሚስትና ልጆች ይሄዳል፤ በክሩ የሚመጣው በሽታ ከ20 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚገለጥ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የግቢው ባለቤት፣ መርከቧም ሆነች ተቆጣጣሪው በቦታቸው አይገኙም።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያን አይመለከትም ማለት አይቻልም። ሀገሪቱ የባሕር በር ባይኖራትም በራሷ ሰንደቅ ዓላማ የሚንቀሳቀሱ የንግድ መርከቦች ባለቤት ናት፤ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻግሮ የሚዘዋወርበትን መንገድ የሚገዛው የባዝል ስምምነትም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አባል ናት። በዓለም ገበያ ብዙ መርከቦች ለመፍረስ ሲሸጡ በደላላ ገዢዎች እጅ ገብተው፣ ለመጨረሻው ጉዞ ብቻ የሌላ ሀገር ባንዲራ ተሰጥቷቸው ስለሚሄዱ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ኃላፊነቱን ጥሎ የሚያመልጥበት መንገድ ሰፊ ነው። የኢትዮጵያ መርከቦችም አንድ ቀን አርጅተው የሚሸጡ በመሆናቸው፣ የሽያጭ ውሉ መርከቧ የምትፈርስበትን ግቢ በስም እንዲጠቅስ፣ የአደገኛ ቁሶች መዝገቡ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲረጋገጥና የመቅበሪያው ደረሰኝ ግልባጭ ለሻጩ እንዲደርስ የሚያደርግ ግዴታ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

የማፍረሻ ግቢ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም ለተቆጣጣሪዎቻቸው ሁለት ሥልጣን ሊሰጧቸው ይገባል፤ አንደኛው የመቅበሪያውን መዝገብ በግቢው በኩል ሳይሆን በቀጥታ የማግኘት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሦስቱ አኃዞች ካልተገናኙ ቆረጣውን በዚያው ዕለት የማስቆም ሥልጣን ነው። እነዚህ ሁለቱ በሌሉበት የሚጻፍ የቁጥጥር ሪፖርት የአንድ ቀን የግቢ ገጽታን ከመመዝገብ አያልፍም፤ የመርከቧ ክብደት የት እንደገባም አይመልስም።