አንባቢ ለጸሐፊ ምን ይሠራለታል?



በዚህ በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ላስረዳችሁ ያሰብሁት ነገር አንባቢ ስለሚሰጠው አስተያየት ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። እኔም እስካለፈው ኅዳር ወር ድረስ፣ ጸሐፊ ይጽፋል፤ አንባቢ ያነባል፤ የወደደ ያመሰግናል፤ ያልወደደ ዝም ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል ብዬ አምን ነበር።

በዚሁ በኅዳር ወር በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ «ወርቅና ደብተር» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። የሻኪሶ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከከተማችን አጠገብ ካለው ከለገደምቢ የወርቅ ማውጫ ሌላ፣ በየወንዙ ዳርና በየሸለቆው በዶማና በገበቴ ወርቅ የሚያወጣ ብዙ ሕዝብ አለ። ከእነዚህም መካከል የእኛ እኩዮች ይገኛሉ። እኔም በጽሑፌ ትምህርታቸውን እየተዉ ወደ ጉድጓድ የሚወርዱትን ተማሪዎች «ለገንዘብ የሳሱ»፣ «ከዛሬ በቀር ነገን የማያዩ» እያልሁ ወቀስኋቸው። ቃላቱን ስመርጥ ሁለት ሌሊት አምሽቼ ስለ ነበር በጽሑፌ እኮራ ነበር። ጓደኞቼም «ግሩም ነው»፣ «በርታ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከስሜ በታች፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ። «የጸሐፊውን ደብተር የገዛለት ማን ነው? የእኔን የገዛልኝ ጉድጓዱ ነው» ይላል። የጸሐፊው ስም አልነበረበትም። እውነቱን ለመናገር፣ ግራና ቀኙን አየሁና በላጲስ አጠፋሁት። በማግሥቱ ያው ቃል በዚያው ቦታ ላይ ተጽፎ ጠበቀኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእስክሪብቶ ነበር።

ተናድጄ ወደ አማርኛ መምህራችን ሄድሁና ወረቀቱ እንዲነሣልኝ ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን መጥተው ካነበቡ በኋላ፣ «ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መስመር ነው፤ እንዴት ይነሣል?» አሉኝ። መምህራችን በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስቀምጠው ስለ ቅኔ ቤት ያጫወቱኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ረዣዥሞቹ እያደገ ይሄዳል። ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው ተቀምጦ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ ግን ለራሱ አያስቀረውም፤ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩም የሰዋስውን ስሕተት፣ የምስጢሩን መላላት፣ የቤቱን መጉደል እዚያው በዚያው ያርሙታል። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን ስላለበት፣ የሌላውን ደግሞ የሚያመጣ ተማሪ ያፍራል። በቤተ ክርስቲያን ሲቀኝም መልካም የሆነ እንደ ሆነ አዋቂዎቹ «ይበል!» ይሉለታል። እንደ መምህራችን አባባል፣ የ«ይበል» ጣዕሙ ከዚያ በፊት ብዙ ቀን ታርሞ መምጣቱ ነው፤ ያልታረመ ሰው «ይበል» ቢባል ምን እንደ ተባለለት እንኳ አያውቅም።

ይህን ስሰማ አያቴ ትዝ አሉኝ። ማታ ማታ «ተረት ተረት» ብለው ዝም ይሉ ነበር። እኛ «የላም በረት» ብለን ካልመለስንላቸው ተረቱ አይጀመርም። በመካከልም ድምፃችን የጠፋ እንደ ሆነ «ተኛችሁ እንዴ?» ይሉና ያቆማሉ። ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለማን እንደሚናገሩ ማወቃቸው ኖሯል።

ማተሚያ ቤት ከመጣ ወዲህ ግን ተናጋሪውና ሰሚው ተራራቁ። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ ከነጻነት መመለስ በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ የተጻፈውን ነገር በነገሌ ወይም በክብረ መንግሥት ያለ ሰው ሲያነበው፣ ጸሐፊው የአንባቢውን ፊት አያይም፤ ያዛጋ ይሁን የተቈጣ፣ የገባው ይሁን ያልገባው አያውቅም። ያንን ርቀት የሚያጠበው ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ከአገራችን ጋዜጠኞች መካከል የደብዳቤን ጥቅም እንደ አቶ ጳውሎስ ኞኞ ያወቀበት ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1926 ዓ.ም. በሐረርጌ የተወለዱት አቶ ጳውሎስ መደበኛ ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በ«አዲስ ዘመን» ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበራቸው፤ የዓምዱም አሠራር እንዲህ ነበር። እንደ ልማዱ ርእሱን የሚመርጠው ጸሐፊው ነው፤ አንባቢው ይከተላል። በዚህ ዓምድ ግን ርእሱን የሚመርጠው አንባቢው ሆነ። አንዱ ስለ ታሪክ፣ ሌላው ስለ ሳይንስ፣ ሌላው ደግሞ ስለ ፍቅር ጉዳዩ ይጠይቃል፤ እርሳቸውም ባጭሩ፣ ብዙ ጊዜም ቀልድ እየቀላቀሉበት ይመልሳሉ። አንባቢው ሲጠይቅ የማያውቁት ነገር ቢሆን መጽሐፍ ማገላበጥ፣ አዋቂ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመውን ትምህርት አንባቢዎቹ አስቀጠሏቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «አጤ ምኒልክ»ን፣ «አጤ ቴዎድሮስ»ንና «የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት»ን የመሰሉ የታሪክ መጻሕፍት ጽፈው በ1984 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እነዚህን መጻሕፍት ታሪክ ያልተማረ ሰው እንኳ ሳይቸገር የሚያነባቸው፣ በእኔ ግምት፣ የጻፋቸው እጅ ለተራው ሰው ጥያቄ መልስ መስጠት የለመደ እጅ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ስል አንባቢ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ብሪታንያዊው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ ፈጥሮ ብዙ ታሪክ ከጻፈበት በኋላ ስለ ሰለቸው፣ በ1893 እ.ኤ.አ. በድርሰቱ ውስጥ ገደለው። አንባቢዎቹ ተቈጡ፤ የወቀሳ ደብዳቤ ጎረፈ። ደራሲውም በ1901 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በፊት የሆነ ነው ብሎ አንድ ታሪክ አወጣ፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ግን ከነአካቴው መርማሪውን ከሞት አስነሣው። እኔ ይህን ሳነብ ለደራሲው አዘንሁለት። እነዚያ አንባቢዎች «የምንወደውን ጻፍልን» ይሉት ነበር እንጂ «የጻፍኸው ይህ ጎድሎታል» አላሉትም። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ጸሐፊውን አሽከር ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን ጸሐፊው ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ሊያየው የማይችለውን ያሳየዋል።

የእኔም ነገር ይኸው ነበር። «ወርቅና ደብተር»ን አሥራ አንድ ሰዎች አመስግነውልኛል፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። አንዱ ብቻ ደግሞ የእጅ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብሎኛል፤ እሱም እውነቱን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱም ሁለተኛ ጽሑፍ አላስጻፈኝም።

ከመምህራችን ጋር ከተነጋገርን በኋላ፣ ከዚያች መስመር በታች «ልክ ነህ፣ ይህን አላሰብሁትም፤ እባክህ አነጋግረኝ» ብዬ ጻፍሁ። በሁለተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት አንድ ልጅ ወደ እኔ መጣ። ከእኔ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ የሚቀመጥ የክፍሌ ልጅ ነበር! ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍል ስንማር ቅዳሜና እሑድ የት እንደሚውል ጠይቄው አላውቅም። አፈሩን ከጉድጓድ አውጥተው ወደ ውኃው እንዴት እንደሚሸከሙት፣ በገበቴ እያወዛወዙ ሲያጥቡት ከግርጌ የምትቀረው ብናኝ ምን ያህል እንደምታንስ፣ ገዢው በሚዛን ላይ ሲያኖራት ደግሞ ከዚያም እንደምታንስ ነገረኝ። የቤት ኪራዩንና የደንብ ልብሱን የሚከፍለው ከዚያች ነው። ዝናብ ሲጥል የጉድጓዱ ግድግዳ ስለሚናድ እንደሚፈራም አልደበቀኝም። «ጉድጓድ የሚወድ ሰው የለም፤ አንተ ግን የምንወደው አስመሰልኸው» አለኝ።

በጥር ወር ሁለተኛውን ጽሑፍ ጻፍሁ። ከመለጠፉ በፊት ለእርሱ አሳየሁት። ስሙን እንዳላነሣ ለመነኝ፤ «ምስኪን» የሚለውንም ቃል በራሱ እጅ ሰረዘው። ጉድጓዱ አደገኛ መሆኑን አሁንም ጽፌአለሁ፤ በዚህ ሐሳቤን አልለወጥሁም። ነገር ግን ልጆቹን ስስታም ማለቴን ትቼ፣ ትምህርቱንና እንጀራውን በሁለት እጁ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ምን ያህል እንደሚከብደው ገለጽሁ። ያመሰገነኝ ሰው ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። ከግርጌው የተጻፈው ግን በዛ። አንዲት ተማሪ፣ ውኃ የሚያመላልሱትን ሴቶች ልጆች ስለምን ረሳሃቸው ብላ ጽፋለች፤ እውነትም ረስቻቸው ነበር። አንድ ወላጅ ለስብሰባ መጥተው ቆመው ካነበቡ በኋላ፣ ሰኞ ሰኞ አርፍደው ለሚመጡት ልጆች ያለፋቸውን ትምህርት የሚያስጠናቸው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሆነን ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሒሳብና ፊዚክስ እናስጠና ጀመር።

መጽሔት እንደ ግድግዳ ጋዜጣ አይደለም፤ ሁሉም ቅጂውን ይዞ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ከግርጌው ቢጻፍበት ጸሐፊው አያየውም። ስለዚህ አዘጋጅ ኮሚቴው በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ሣጥን አስቀምጧል። ቁልፉ በአማርኛ መምህራችን እጅ ነው፤ በየዓርቡም ይከፈታል። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። የትኛው ገጽና የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደ ሆነ ግን ብትጠቅሱልን ይረዳናል።

ያ ጓደኛዬ ከፋሲካ ወዲህ ወደ ክፍል አልመጣም። ወደዚያ አካባቢ የሚመላለስ አንድ ጎረቤት አለን፤ መጽሔቱ እንደ ወጣ አንድ ቅጂ በእርሱ እጅ እልክለታለሁ። እርሳስም አብሬ እልካለሁ።