ሩት ቢርን ቀምሶ ስለ መመዘን

ሩት ቢር የተባለው መጠጥ ስሙ ቢራ ይሁን እንጂ፣ በጠርሙስ ታሽጎ ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አልኮል የሌለበት ለስላሳ መጠጥ ነው። አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ስሙን ያስገነነው ቻርልስ ሃየርስ የተባለ የፊላዴልፊያ መድኃኒት ሻጭ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1876 በከተማው በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አቀረበው። ዋናው ቅመም ሳሳፍራስ የተባለው ዛፍ የሥር ልጥ ነበረ። ይሁን እንጂ በልጡ ዘይት ውስጥ ያለው ሳፍሮል በእንስሳት ላይ ተፈትኖ ነቀርሳ የሚያስከትል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1960 ከምግብና ከመጠጥ እንዲወጣ አገደ።

የዛሬው ነጋዴ ጥያቄ ግን ስለ ሥሩ ሳይሆን ስለ ጣፋጩ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በስኳር ፈንታ ርካሹን የበቆሎ ሽሮፕ ስለ ያዙ፣ የሸንኮራ ስኳር ወይም ማር የሚጨምሩት አነስተኛ አምራቾች «በተፈጥሮ ጣፋጭ የተዘጋጀ» ብለው በጉልህ ይጽፋሉ፤ ዋጋም ይጨምራሉ። ጭማሪው ይገባዋልን?

ለአሠሪዬ ሦስት ዓይነት ናሙና በቀረበለት ጊዜ ሦስቱንም በአንድነት አቀዝቅዘን፣ በብርጭቆ ቀድተን ቀመስን። ብርድና ጋዝ የጣፋጩን ጉድለት ይሸፍናሉና፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከፍተን አቆይተን እንደ ገና ቀመስን። በእኔ አስተያየት እውነተኛው ፈተና ይህ ሁለተኛው ነው። የሸንኮራው ጣፋጭነት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፤ ቅመሙም ጐልቶ ይቀራል። የማሩ ሲቀዘቅዝ ደስ ያሰኝ ነበር፤ ሲሞቅ ግን የማሩ ሽታ ቅመሙን ስለ ዋጠው ከብርዝ እምብዛም አልተለየም፤ ብርዝ ለመጠጣት ደግሞ ባሕር ማሻገር አያስፈልግም። ስቴቪያ ከተባለው ቅጠል የተዘጋጀው ጣፋጭነቱ ዘግይቶ ይመጣና ምላስ ላይ መራራነት ይተዋል።

ባለሱቆች ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ዊንተርግሪን የተባለው ቅመም ለሕመም ከሚታሸው ቅባት ጋር አንድ ሽታ ስላለው፣ ያልለመደ ደንበኛ «መድኃኒት ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማቅመስ ይበጃል። ሁለተኛም፣ የተፈጥሮ ማለት ስኳር አነሰ ማለት አይደለም። በስኳር የጣፈጠ 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 40 ግራም ስኳር ይይዛል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው «የተፈጥሮ ነውና አይጐዳዎትም» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው።

አሠሪዬ የሸንኮራውን ብቻ መርጠው፣ በጥቂት ሣጥን የሚጀመርበትን ዋጋ ከነማጓጓዣው እንድጠይቅ አዝዘውኛል፤ መልሱ ገና አልደረሰም።