«ቀዶ ሕክምና አይቻልም» ከተባለ በኋላ

ሐኪሙ ውጤቱን አንብበው «የሐሞት ከረጢት ካንሰር ነው፤ ስለተሰራጨ በቀዶ ሕክምና ማውጣት አይቻልም» አሉ እንበል። ታማሚዋ እናትዎ ናቸው። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሁለት ነገር ይወስናል፦ «ለእሷ እንዳይነገራት»፤ «ቤቱም ቢሆን ተሽጦ ውጭ አገር ትታከም»። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። ግን ከመወሰንዎ በፊት ይህን ይወቁ።

ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ያለች ትንሽ ከረጢት ናት። ካንሰሯ መጀመሪያ ላይ ብዙም ምልክት አያሳይም፤ ሕመሙም ከሐሞት ጠጠር ወይም ከጨጓራ ጋር ይምታታል። ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያውቀው ለዚህ ነው። ቢሆንም «አይወጣም» ማለት «ምንም አይደረግም» ማለት አይደለም።

ቅድሚያ ለቢጫነቱ

ዕጢው የሐሞት መውረጃውን ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል። በልማድ «የወፍ በሽታ» የምንለው ነው። በኢንዶስኮፒ ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ካልተቻለ በቆዳ በኩል ቱቦ ገብቶ ሐሞቱ ይፈስሳል። ይህ ካንሰሩን ባያጠፋም ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ለኬሞቴራፒም መንገድ ይከፍታል። ቱቦው ከገባ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ኬሞቴራፒው

የተለመደው ጄምሲታቢን ከሲስፕላቲን ጋር ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ቀን በደም ሥር ይሰጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሪታንያ ጥናት 410 የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦ ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ጄምሲታቢን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ8.1 ወር በላይ ኖሩ፤ ሁለቱን ከወሰዱት ግን ግማሾቹ ከ11.7 ወር በላይ።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዱርቫሉማብ የተባለ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት ይታከልበታል። በጥናቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 25 በመቶ ገደማ ከፍ ብለዋል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በብዛት ከተገኘ ደግሞ እርሱን ለይተው የሚያጠቁ መድኃኒቶች አሉ።

እንግዲህ ቤቱን ከመሸጥዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ውጭ የሚሰጠው ሕክምና እዚህ ከሚገኘው በምን ይለያል? የሚጨምረው ዕድሜ ምን ያህል ነው? እናቴ ለጉዞውና ለመድኃኒቱ አቅም አላቸው? ኩላሊታቸውስ ሲስፕላቲንን ይችላል?

ማስታገሻ ሕክምና

ብዙዎቻችን የመጨረሻ ቀን ስንብት ይመስለናል። ነገር ግን ከኬሞቴራፒው ጎን ለጎን ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር ነው። ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ጭንቀት ሁሉ ይታከማሉ። ሐኪም መጥኖ ያዘዘው ሞርፊንም ሕመምን ለማስታገስ እንጂ ሞትን ለማፋጠን አይደለም።

አሁን ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። ያ ሁሉ ውሳኔ ሲሰጥ እናትዎ በሩ ማዶ ተኝተዋል። ቱቦ የሚገባው በእርሳቸው ሰውነት ነው፤ የሚቀረውም ጊዜ የእርሳቸው ነው። ምናልባት ሕክምናውን ይፈልጉ ይሆናል፤ ምናልባትም ልጆቻቸውን ሰብስበው መመረቅና በቤታቸው መሆን። «እማዬ፣ ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ።