ጋን የታጠነበት ጭስ፣ ብቅል የደረቀበት ጭስ

መስከረም 16 አመሻሽ ላይ መስቀል አደባባይ ደመራው ሲለኮስ ጭሱ ነጠላ ላይ አድሮ እስከ ቤት ይከተላል። በዚያ ሰሞን ለበዓሉ ጠላ የሚጠምቁ እናቶችም ጋናቸውን በግራዋ አሽተው ያጥቡና የወይራ ጭስ ላይ ይደፉታል። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ በጭስ የታሸ ያረጀ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ውስኪ የቀረበለት ሰው «ጭስ ጭስ አለኝ» ብሎ ብርጭቆውን ቢያርቅ አልፈርድበትም። ሽታውን ግን አፍንጫው ከልጅነቱ ያውቀዋል።

እንጨት ሲቃጠል፣ ጥንካሬ የሚሰጠው ሊግኒን በሙቀት ይሰባበርና ጓያኮልን የመሳሰሉ ፌኖሎች ይወጡታል። የጭስ ሽታ የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ነው። የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይይዟቸዋል፤ ጠላውም ቀስ እያለ ይወስዳቸዋል። ፌኖል ተህዋስያንን ስለሚጎዳ ማጠን ጋኑን ያጸዳል፤ እናቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ በልምድ ደርሰውበታል።

ስኮቶች የሚያጥኑት ዕቃውን ሳይሆን እህሉን ነው። አይላ በምትባለው ደሴት ማገዶው ፒት ነው፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ረግረግ ውስጥ የተከማቸ፣ በከፊል የበሰበሰ ዕፅዋት። ተቆርጦ ይደርቅና እርጥቡ የገብስ ብቅል ሥር ይጤሳል። ከእንጨት ጭስ ይልቅ ፌኖልና ክሬሶል ስለሚበዛበት አንዳንዱ ውስኪ የክሊኒክ ኮሪደር ይሸታል። የአይላው ላፍሮይግ ውስኪ ብቅል ከሚሊዮን እጅ 40 ገደማ ፌኖል ይይዛል፤ ሲጣራ ግን አብዛኛው በመንገድ ይቀራል።

ከዚያ በርሜሉ ነው። የስኮች ውስኪ ሕግ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ይላል፤ ብርቅ የሚባሉት 25 እና 30 ዓመት ይቆያሉ። በዓመት 2 በመቶ ገደማ ስለሚተን ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በንኗል። ዋጋውን የሚያንረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጭሱም እየለዘበ ይሄዳል፤ እንጨቱ በፋንታው ቫኒሊን ይሰጣል። ጠላ ግን በቀናት ውስጥ ስለሚጠጣ ጭሱ ትኩስ ነው። ለእኔ ልዩነታቸው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም።

ውስኪውን ሲቀምሱ መጀመሪያ እንዲሁ ያሽትቱት፤ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው ድጋሚ ያሽትቱት። ካርልሶንና ፍሪድማን የተባሉ በስዊድን የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር አስልተው እንዳሳዩት፣ አልኮሉ ከ59 በመቶ ሲበልጥ ጓያኮል ወደ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል፤ 45 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ወደ ላይኛው ገጽ፣ አፍንጫ ወደሚያገኘው ቦታ ይወጣል።