ልጆቻችንን ወደ ቤተ ክርስቲያን በምን እንምራ?

የመስከረም ወር ለወላይታ ሶዶ ሁለት ደስታ ይዞ ይመጣል። አንደኛው የብሔረሰቡ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመስቀል በዓል ነው። በየአገሩ ተበትነው የከረሙ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ይሰበሰባሉ፤ እናቶች ለቅቤ፣ አባቶች ለሠንጋ ሲያጠራቅሙት የቆዩት ገንዘብም ለወጉ ይውላል። ታዲያ መስከረም 16 ቀን አባት ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ደመራው ሲነሣ፣ ለጉርምስና የደረሰው ልጁ «እኔ አልሄድም» ቢለው ምን ያድርግ?

ጥያቄው በወላይታ ይበልጥ ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከዞኑ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የፕሮቴስታንት፣ 43 ከመቶ ያህሉ ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነበር። በአንድ ግቢ ሁለት ዓይነት እምነት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ የሚያድግ ልጅ ምርጫ መኖሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

እንደሚታወቀው ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የሕፃኑን ፈቃድ አትጠይቅም፤ አምነው የሚያቀርቡት ወላጆቹ ናቸው። ሕፃን ትምህርት ቤት የሚገባው ስለ ወደደ አይደለምና፣ ትንሹን ልጅ እጁን ይዞ ወደ ቅዳሴ መውሰድ እንደ ግፍ ሊቆጠር አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በበኩሉ፣ በአንቀጽ 14 የልጁን የኅሊና ነፃነት ያከብርና የወላጅ አመራር ከልጁ የዕድገት ደረጃ ጋር እንዲጣጣም ይጠይቃል። እንግዲህ ለ5 ዓመት ሕፃን የሚበጀው መንገድ ለ15 ዓመት ወጣት ላይበጅ ይችላል።

እኛም በልጅነታችን በአለንጋ እየተነዳን ያስቀደስን ነን። የቆምንበትን ሰዓት እንቆጥር ነበር እንጂ የቆምንበትን ምክንያት የነገረን አልነበረም። ከእኩዮቻችን ብዙዎቹ ከአባታቸው ቤት በወጡ ማግስት ከደጀ ሰላሙም ቀሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን በላከው መልእክት ልጆችን በጌታ ምክር እንዲያሳድጉ አባቶችን ያዘዘው፣ እንዳያስቆጧቸውም ጭምር በማስጠንቀቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

በወላይታ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። በቤቱ ወላይትኛ የሚናገር፣ ፊደልንም በዚያው ቋንቋ የቆጠረ ልጅ ግእዙን ሳይረዳ፣ የአማርኛውንም ስብከት በግማሽ እየሰማ ሰዓታት ቢቆም፣ ዝምታው እምነት ነው ማለት ያዳግታል። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ወላጅ የዕለቱን ወንጌል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢያስረዳው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር እንዲዘምር ቢያደርገው፣ ጥያቄውንም ሳይቆጣ ወደ ንስሐ አባት ቢያቀርብለት ከአለንጋው ይልቅ ይጠቅማል። ራሱ ከጠላ ቤት ሳይወጣ ልጁን «ቤተ ክርስቲያን ሂድ» የሚል አባት ግን ሰሚ አያገኝም።

የወላይታ ትውፊት ከጥንት ነገሥታቱ አንዱ አድርጎ የሚቆጥረውን ሞተሎሚን፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ንጉሥ ይለዋል። ጻድቁ ይህን ኃያል ወደ ክርስትና የመለሱት በስብከትና በተአምራት እንጂ በሰይፍ እንዳልነበረ ገድሉ ይተርካል። ንጉሥ በቃል ከተመለሰ፣ በጉያችን ያደገ ልጅ በፍቅርና በትዕግሥት የማይመለስበት ምክንያት የለም እንላለን።

ስለዚህ ሕፃኑን ይዘነው እንሂድ፤ ወጣቱን አስረድተን እንጋብዘው። ዛሬ እምቢ ቢል እንኳ ከደመራው ስንመለስ ቤታችን ለእርሱም የበዓል ቤት ይሁን፤ ነገ የሚመለስበት በር ያ ነውና።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንልን!